ጠዋት የሚሰንፈው መርፌ

መካኒኩ ሞረዳ ከነቀምቴ እስከ ዲጋ በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ወገቡ ቆጠረው። ስድሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሞተር ሰልችቶታል ቢሉ ውሸት ነው፤ የሰለቸው ሰው ነው። በወለጋ ትራክተር ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ የሚያስጠራው ሞተር ለማሠራት ሳይሆን ሾፌሩን ለማስፈረድ ይመስላል። ገና ከመኪና ሳይወርድ «ማን አበላሸው?» ይሉታል። «ምን ነካው?» ብሎ የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመውም።

ባላምባራስ ዓምደሚካኤልም ያው ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ዲጋ ላይ ርስት ያቀኑ ባለመሬት ናቸው።

«ዘይቱን ሸጦ ውራጅ ሞልቶበታል» አሉ፣ የሰላምታውን መልስ እንኳ ሳይሰሙ። «ያ ታፋ! የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቶ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አንተ ፈትሽና ንገረኝ። እጁ ያለበት ማንም ይሁን ማን፣ ከነቤተሰቡ ከመሬቴ ይነቀላል። ሚካኤልን!»

ሾፌሩ ታፋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ይነቀላል በተባለው ጎጆ አብራው የምትኖረው እናቱ ድርቤ ናት፤ ባሏ የተቀበረው እዚያው ጓሮ ነው። ሌላ መግቢያ እንደሌላቸው አገር ያውቃል፣ ባላምባራስም ያውቃሉ። ሞረዳን ይህ ደከመው። ቦርሳውን አስቀመጠ።

በማግስቱ ማለዳ ትራክተሩን አስነሳው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ፈጥኖ አጠፋና የዘይቱን መጠን በዘንጉ ለካ፤ ልኩ ደህና ነው። መለኪያው ይዋሽ ይሆናል ብሎ የራሱን መለኪያ ከቦርሳው አውጥቶ ገጠመ፤ እሱም ያንኑ መሰከረ። እንደገና አስነሳና፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ እየሰማ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ሞተሩ ሲሞቅ መርፌው ቀስ እያለ ተነሳ። ሲግልማ ምንም እንዳልነካው ጤነኛ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» አለ ሞረዳ።

ያረጀ ሞተር ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ግፊቱ ደህና ነው፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና መርፌው ይወድቃል። እንደ ሞረዳ ራሱ ማለት ነው፤ ጠዋት ደህና ይነሳል፣ ከቀትር በኋላ አይሆንለትም። የዚህኛው ግን ግልባጩ ነው። ውራጅ ዘይትም ቢሆን እንዲህ አያደርግም። እንግዲህ ታፋ ሌባ አይደለም፤ ሞረዳ ይህን ያወቀው አንድ ብሎን ሳይፈታ ነው። ባላምባራስ ግን በመርፌ ጠባይ አይረኩም፣ ሰው ይፈልጋሉ።

ሞተሩ ፍጹም እስኪበርድ አቆየውና በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከታፋ ጋር ሥሩ ገባ። ዘይቱን አፍስሰው ኮፓውን፣ ያን ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ፣ አወረዱት። ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ፖምፓ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። ወንፊቱ አይታይም ነበር፤ ብጫ ነገር ለጥፎበታል። ሞረዳ በጣቱ ዛቅ አድርጎ አሸተተው። ዘይት ዘይት ይላል፤ ከዘይቱ ሥር ግን በልጅነቱ እናቱ ለመስቀል አናቱን ትቀባው የነበረው ቅቤ ሽታ አለ።

«ና እስቲ፣ አሽትት።»

ታፋ አሸተተና መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«አዮ ናት» አለ። «እናቴ ናት፣ ኦቦ ሞረዳ። ዘር በመጣ ቁጥር የአባቴን በሬዎች ግንባር ቅቤ ትቀባ ነበር። በሬዎቹን ሸጠን እኔ ትራክተር ስይዝ፣ ‹እንጀራችን አሁን እሱ ነው፤ ዘይት ከጠጣ ቅቤ እንዴት ይጠላል› አለችኝ። ሳቅሁባት። የምታደርገው አልመሰለኝም!»

ድርቤ ቸርች ከገባች ወዲህ ቄሱ እንደ ድሮ ልማዷ ዛፍ ቅቤ እንዳትቀባ ከልክለዋታል። ስለ ትራክተር ግን ያነሳባት ሰው አልነበረም። ስለዚህ በየሰኞው ንጋት ልጇ ሳይነሳ መጥታ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍታ አንድ እፍኝ ቅቤ ስትመርቅበት ከርማለች። ቅቤው ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ረግቶ ወንፊቱን ይደፍናል።

ሞረዳ ጋደም እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ። እሱ አንድ የማይሽረው ልማድ አለው፤ ያገኘውን ጥፋት አጥቦ አያውቅም። እንዳለ በባለቤቱ መዳፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ከነቀምቴ እስከ ኑኑ ቁምባ «ሞረዳ ካለ አለቀ» የሚባለው በዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ያፈራው ሀብት ይኸው ስሙ ብቻ ነው። ይህን ብጫ ነገር በባላምባራስ መዳፍ ላይ ቢያኖረው ደግሞ ማሽተት አያቅታቸውም።

ተነሳ። ወንፊቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ በብሩሽ አጠበው። ኮፓውን ጠረገ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን ብሮንዚናዎች አየ፤ ጭረት አላቸው፣ ግን ገና ይሠራሉ። ገጣጥመው አዲስ ዘይት ሞልተው ሲጨርሱ ባላምባራስ መጡ።

«እህስ? ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሞረዳ።

«ምን አልክ?»

«ባለፈው ጥቅምት ፖምፓውን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ አይደለሁም? ግራሶ አብዝቼበት ኖሯል። እየረጋ ወንፊቱን ደፈነው። ታፋ ጥፋት የለበትም። የድካሜን ዋጋም አልቀበልም።»

ታፋ አፉን ሊከፍት ሲል ሞረዳ በዓይኑ ገሠጸው። ባላምባራስ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አርጅተሃል ሞረዳ» አሉ በመጨረሻ፣ ለዘብ ብለው። ማዘናቸው ከቁጣቸው ባሰበት። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ከባኮ አስመጣለሁ። ለሌሎቹም መንገር አለብኝ፤ አትቀየመኝ።»

«ደግ አደረጉ፣ ጌታዬ» አለ ሞረዳ።

በማግስቱ ጠዋት ትራክተሩ በብርዱ ተነሳ፤ መርፌውም አብሮ ተነሳ። ሞረዳ ቦርሳውን ይዞ መኪና ሲጠብቅ ድርቤ ቅል ታቅፋ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«ገለቶማ፣ ኦቦ ሞረዳ! ቅቤዬ ያድነዋል ብዬ ነበር!» አለች በኦሮምኛ እያመሰገነች። «ይኸው ደግሞ ለዛሬ አመጣሁለት።»

ታፋ ፊቱን አዞረ። ሞረዳ ዝም ቢል ይወድ ነበር፤ ግን ዝም ካለ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

«አደ ድርቤ፣ በሬዎቹን የት የት ነበር የሚቀቧቸው?»

«ግንባራቸውን ነዋ።»

«እሱንም ግንባሩን ይቅቡት። ሆዱ ቅቤ አይችልም።»

ሴትዮዋ ትራክተሩን አየች። ልጇን አየች፤ ቀና አላለም። ከዚያ ቅሏን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«እኔ ነበርኩ?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደሉም» አለ ሞረዳ። «እኔ ነኝ። ባላምባራስን ይጠይቁ፣ ለአገር ሁሉ ይናገራሉ።»

ድርቤ እጇን ቅሉ ውስጥ ከታ ቅቤውን ዛቀችና፣ የሞረዳን አናት እንደ ልጅ ይዛ ሽበቱን ቀባችው። እሱም አልከለከላትም።

መኪናው መጣና ሞረዳ ጭነቱ ላይ ወጣ። ፀሐይዋ በርትታ ቅቤው በማጅራቱ ይወርድ ጀመር። እስከ ነቀምቴ አልጠረገውም።