ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ

ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ስትገባ መቀሱ ሸሚዙን እስከ ብብቱ ድረስ በልቶት ነበር።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትቆርጣለች። ሁለቱ እጅጌዎች ተነጥለው ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል። ጀርባው ለሁለት ተከፍሏል። የቀረው ደረቱ ብቻ ነው፣ ከነኪሱ።

"እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሶፍትሽን ላሳርፈው ብዬ ጨርቅ እያዘጋጀሁ ነዋ! ምነው፣ ጋኔን ያየ ሰው መሰልሽሳ?"

"የአባዬ ሸሚዝ እኮ ነው!"

"ታዲያ የማን መስሎኝ ቆረጥኩት?"

የፀጉር ሠሪዋ ቦርሳ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዛ የምትውል ሰው ናት። ደንበኞቿ "አበዛሽው እኮ" ብለው ሲያኮርፉ "ፀጉር ነው፣ ይበቅላል" ብላ አፋቸውን ታስይዛለች። ይሄ ግን አይበቅልም።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። የሞተ ሰሞን እናቷ ልብሱን ለዘመዱም ለጎረቤቱም አድላ ጨረሰችው። ይህን የሥራ ሸሚዝ ብቻ ልጅቱ ቦርሳዋ ውስጥ ሸሽጋ አምጥታ ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር አስቀመጠችው። በኋላ እናቷ ብቻዋን መኖር ከብዷት ወደ እሷ ስትዛወርም ስለ ሸሚዙ ትንፍሽ አላለችም።

እናቷ ስትመጣ ደግሞ ከሻንጣዋ ጋር አንድ ከረጢት ሙሉ መወልወያ ጨርቅ ይዛ ነበር። ልጅቱ "ሰው ይመጣብኛል፣ ይሄን ሁሉ ቡትቶ አይቶ ምን ይለኛል?" አለችና ከረጢቱን ሳትፈታው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰጠችው። በምትኩ ምድጃው አጠገብ ትልቅ ጥቅል ሶፍት ሰቀለች። እናቷ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ምላሷ አላረፈም። "በዚህ ነገር ጠረጴዛ ከወለወልኩ በኋላ እሱን ራሱን የሚለቅምልኝ ሰው እፈልጋለሁ" ትላለች። ውኃ ነክቶት እጇ ላይ ሲበጫጨቅ ከፍ አድርጋ እያሳየች፣ "ይኸው፣ ገና ሳልቆጣው አለቀሰ!" ትላለች።

እውነት ለመናገር ልጅቱ ባደገችበት ቤት ልብስ አይጣልም ነበር፤ ሥራ ነው የሚቀይረው። መጀመሪያ መስታወት ላይ ይመደባል። ሲነትብ ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ምድጃ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ወለል ይወርዳል። አባቷ ወለል ላይ እርጥብ ጨርቅ ባየ ቁጥር "ቀስ በሉ እንጂ፣ የተሞሸርኩበት ሸሚዝ እኮ ነው!" እያለ ይዘለው ነበር። አንድ የማይጣስ ሕግ ግን ነበራቸው። ማንም ተነስቶ የሌላውን ልብስ አይቆርጥም። ባለቤቱ ራሱ ቁልፎቹን ተርትሮ ቁልፍ ማጠራቀሚያው ጣሳ ውስጥ ሲጨምር ነው "በቃኝ" ማለቱ የሚታወቀው። ቁልፉ የተነሳ ልብስ ለመቀስ የተፈቀደ ልብስ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ወደ አውቶቡስ ማደሪያው ይወስዳት ነበር። እሷ ከውጭ በርጩማ ላይ ቆማ፣ እሱ ከውስጥ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ፣ የፊት መስታወቱን በአንድ ሸሚዝ ሁለት እጅጌዎች ይወለውላሉ። የእሷ እጅ የሄደበትን የእሱ እጅ ይከተላል። የዘለለችው ቦታ ካለ በጣቱ ይነካዋል። ድምፁ አይሰማትም፤ ከንፈሩ ብቻ "እዚህ ጋ!" ይላል።

"ሳትጠይቂኝ?" አለች አሁን እናቷን። "ሳትጠይቂኝ እንዴት ትቆርጪዋለሽ?"

እናቷ መቀሱን አስቀመጠች። "ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አንሶላ ልቀይር ብዬ ሳነሳ አገኘሁት። አንድ ቁልፍ የለው! ቁልፉ የተነሳ ልብስ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠፋሽ?"

የልጅቱ እጅ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ። የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው የመጣችው። ከአንገቷ እስከ ወገቧ የተደረደሩት ቡናማ ቁልፎች ከሸሚዙ ላይ ራሷ ተርትራ ራሷ የሰፋቻቸው ናቸው።

እናቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አንገቷን አሰገገች።

"ውይ በሞትኩት! እዚህ ናቸው እንዴ?"

"አብሮኝ እንዲውል ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ልጄ ጨክና ለቀቀችው ብዬ…" እናቷ የሸሚዙን ደረት በመዳፏ አለሰለሰችው። "ያገኘሁት ጠዋት ነው። መቀሱን ያነሳሁት ግን ማምሻውን። እስከዚያ ታቅፌው ተቀምጬ ነው የዋልኩት። እሷ ከቻለች እኔ ምን አቃተኝ አልኩና ቆረጥኩት።"

"ልብሱን ሁሉ ለሰው ስታድዪ ግን ምንም አልመሰለሽም ነበር።"

"ማን ነገረሽ?" አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። "ለሰው የሰጠሁት አዳዲሱን ነው። አባትሽ ለእኔ ከረጢቱ ውስጥ፣ አሮጌው ልብሱ ውስጥ ነበር።"

ልጅቱ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ከረጢቱን ስታስረክብ እንዴት ቀልሏት እንደነበር ትዝ አላት። እጇን እንኳ ታጥባ ነበር፣ ያውም በሳሙና።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቤቱ ያንቺ ነዋ።"

ከዚያ ሁሉ ግልምጫና ተረብ መካከል ይህቺ አጭር ቃል ብቻዋን የጎዳቻትን ያህል የጎዳት ነገር አልነበረም።

እናቷ የተረፈውን ደረት ከነኪሱ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። "እንቺ፣ ይሄ አልተነካም። መልሰሽ ቦታው አስቀምጪው። ከእንግዲህ ቁም ሳጥንሽን አልነካም።"

ልጅቱ ጨርቁን ይዛ ተነሳች። እስከ መኝታ ቤቱ በር ሄደች። ቁም ሳጥኑ እንደተከፈተ ነው፤ አንሶላዎቹ ተደራርበው ይታያሉ። ከዚያ ተመልሳ መጣችና ደረቱን ከፍታ ዘረጋችው፣ አንዱን እጅጌ አንስታም እናቷ ጉልበት ላይ ጣለችው።

"ተነሺ።"

"ወዴት?"

"መስኮቱ አይታይሽም? አቧራው መጋረጃ ሆኗል።"

"በደረቱ ልትወለውዪ?"

"መጀመሪያ መስታወት አይደል እንዴ?"

ጨርቁን ውኃ አስነክታ፣ ጨምቃ፣ ወደ በረንዳው ወጣች። ከመስታወቱ ወዲያ እናቷ ወገቧን ይዛ እያጉረመረመች ተነሳች፤ እጅጌውን ጠቅልላ ከውስጥ በኩል ትወለውል ጀመር። አንዱ እጅ የሄደበትን ሌላው ይከተላል። ጥቂት እንደሄዱ የእናቷ ጣት ታችኛው ጥግ ላይ ቆመና መስታወቱን ሁለቴ መታ። ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ንግግሩ ረዘም ያለ ነበር። ድምፁ አልተሰማም። ስድብ መሆኑን ግን ልጅቱ ከአፏ አነበበችና ጨርቁን ወደዚያው ጥግ ወሰደችው።