ድርቁ ከጣሪያው ሥር

ኤጀታ ደግ ሰው ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው። ከባምባሲ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ የዝናብ መለኪያ መሣሪያ ሲተከል፣ ከማሳው አጠገብ ስለሆነ ጠባቂው እሱ ተባለ። አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ቀጠን ያለ ብረት ነበር። ከአሶሳ የመጡት ሰዎች «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው» ብለውት ሄዱ። እሱም ቃሉን ሰጠ። ኤጀታ ቃሉን ከሰጠ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

መሣሪያው በምክንያት ነው የመጣው። አምና ገበሬው በመጀመሪያው ዳመና ተታሎ ዘራ፤ ዝናቡ ጠፋና ምርጥ ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ዘንድሮ መመሪያ ወጣ፤ መሣሪያው «ዘነበ» ብሎ አሶሳ ላለው ኮምፒውተር ካልነገረ በቀር ባምባሲ ካለው መጋዘን አንዲት የበቆሎ ፍሬ አትወጣም። ጥሩ መመሪያ ነው፤ ማንም አልተቃወመም። ኤጀታና ሚስቱ ቢሊሴማ ምርጡ ይመጣል ብለው ለዘር ያስቀመጡትን በቆሎ ቆልተው በሉት።

ግንቦት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ኤጀታ በሩ ላይ ቆሞ መሣሪያውን አየና ሆዱ ባባ። እንግዳ ነው፤ ያውም የመንግሥት። የእግዜር እንግዳ እንኳ ደጅ አያድርም። ያ ምስኪን ብረት አፉን እንደከፈተ ራቁቱን ዝናብ ሊወርድበት! በሬ ሸጦ ለራሱ ቤት ክዳን የገዛውን ቆርቆሮ አወጣ፤ ምሰሶ ተከለና እንግዳውን ከደነለት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጣሀ መጥቶ ሲያይ እጁን ጨብጦ አልለቅም አለ። «ወላሂ፣ አንተ ሰው ነህ!» አለው። ሪባን አስቆረጠ፤ ጣሪያውንም በመንግሥት ንብረትነት አስመዘገበ።

ከዚያ ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ! ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተበላ፣ የኤጀታ ሣር ቤት ከየአቅጣጫው ያፈስ ጀመር፤ ቢሊሴ ድስቱንም ጣሳውንም ከሥር ደረደረች። ገበሬዎቹ ዘር ሊወስዱ ባምባሲ ወረዱ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጎሹ ስልኩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የእናንተ ቀበሌ ድርቅ ነው።»

ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲደበድብ ማንም አልሰማውም።

«ምን አልክ?»

«ድርቅ ነው አልኩ!» ብሎ ጮኸ ጎሹ።

«ምን?»

«ድርቅ!»

ገበሬዎቹ ልብሳቸውን እየጨመቁ ተመለሱ። ጎሹ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አምና በዓይኑ አይቶ ዘር በመስጠቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ዘንድሮ ዓይኑን አያምንም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ በሳምንቱ የውኃ ቦቴ ተላከላቸው። ቦቴውን ገና ከመግቢያው ጭቃ ዋጠው። በድርቅ የተጎዱት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ ገፍተው አወጡት። አብራ የመጣችው ባለሙያ ሐኒ ጫማዋን በእጇ ይዛ መሣሪያው ወደተተከለበት ኮረብታ ወጣች፤ ከላዩ የተከደነውንም ቆርቆሮ ቀና ብላ አየች።

«አባቴ፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ ኤጀታ በኩራት። «ጠብታ አልነካውም።»

ሐኒ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችና መሣሪያው ዝናብ ካልገባበት ዝናብ እንደማያውቅ ቀስ ብላ አስረዳችው። ኤጀታ ሲገባው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በእሱ ደግነት ቀበሌው ሁሉ ጾሙን ሊያድር ነው። ቆርቆሮውን ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ሐራም!» አለ ጣሀ ዘሎ። «ጣሪያ የመንግሥት ናት! ተመርቋል! አይነካም!»

ሐኒ አለቆቿ ዘንድ ደወለች። ብዙ ካወራች በኋላ ስልኩን ዘጋችና ማንንም ሳታይ ተናገረች። «ድርቅ በታወጀበት ቀበሌ ጥላ ማፍረስ አይቻልም አሉ።»

«አንቺ አይተሻል አይደል? ዘንቧል በያቸዋ!» አላት ኤጀታ።

«አልኳቸው። የሰው ቃል መመሪያው ውስጥ የለም አሉኝ።»

ሰኔ ተጋመሰ። መዝሪያው ከዚህ ካለፈ በቆሎው ሳያፈራ ዝናቡ ይወጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤጀታ ቤቱ ሲገባ ቤቱ ባዶ ነው። ቢሊሴን ኮረብታው ላይ አገኛት፤ ከመሣሪያው ሥር ሰሌን ዘርግታ ልጆቹን አስተኝታለች።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«በቀበሌው ድርቅ ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ አባ ጃለታ። ልጆቼን ይዤ ድርቁ ውስጥ ገባሁ።»

ሊስቅ ብሎ አቃተው። ልጃቸው ትንሹ ጃለታ እያሳለ ነበር። ቢሊሴ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሣ ቀጠለች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። አንተ ያማሰልከው የሰው እንኳ አይደለም፣ የብረት ነው። ብረቱን ከደንክ፣ እኛን ዝናብ አስመታህ። ከርሞ ምን ላብላቸው?»

ኤጀታ አፈረም፣ ተናደደም፤ ከሁሉ ይልቅ ፈራ። ምሰሶው ላይ ወጣ። ጣሀ ከታች እየሮጠ መጣ።

«ያ ኤጀታ፣ ስማኝ! ትጠየቃለህ!»

«እጠየቃለሁ» አለና ምስማሩን ነቀለ።

ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አወረደው፤ ቢሊሴ ተቀበለችው። ጎረቤቱ ከብቦ ያያል፤ የረዳም የከለከለም የለም። ዝናቡ በተከፈተው አፍ ገባ። ከብረቱ ሆድ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሳያቋርጥ። ብዙም ሳይቆይ የጣሀ ስልክ ጮኸ። ጎሹ ነበር።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ዘነበላችሁ!»

ሰዉ ጆንያውን እያነሣ ቁልቁል ሮጠ። ጣሀም ክሱን ለነገ አሳድሮ አብሮ ሮጠ። ቢሊሴ ቆርቆሮውን በራሷ ተሸክማ፣ ልጆቿን አስከትላ ወደ ቤት አቀናች።

«አትመጣም?»

«ቅደሚ፤ እደርሳለሁ።»

ኤጀታ አሮጌ ካፖርቱን አውልቆ መሣሪያው ላይ ሊጥል እጁ ሳያስበው ሄደ። መለሰው። ግን ትቶት መሄዱም አልሆነለትም፤ እንግዳን ብቻውን ዝናብ አያስመቱትም። ካፖርቱን ክንዱ ላይ እንዳደረገ፣ ሁለቱም እስኪበሰብሱ ድረስ አጠገቡ ቆመ።