የሚሸሸው ደጅ

በእኛ ከተማ መሐላ ቀልድ አይደለም። ሰው አፉን ከፍቶ ከማለ አየሩ ይሰማዋል፤ ሰምቶም ይይዘዋል። ጫማ ሰፊው በአማቹ ተናዶ «ሁለተኛ ዓይንህን አላይም» ብሎ ስለማለ፣ አማቹ ሲመጣ ዛሬም የሚያየው ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ሰላም ይለዋል፤ እሱም ለጉሙ ወንበር ይስባል።

ታናሽ እህቴ የማለችው በእኔ ላይ ነው። እናታችን በተወችልን ቤት አብረን ፍራሽ እንሰፋ ነበር። አንድ ቀን ስፌቷን ደንበኛ ፊት ተረተርኩት። ጠማማ ነበራ! ዛሬም ጠማማ ነው እላለሁ። መርፌዋን ወረወረችና «ሁለተኛ ደጅሽን ብረግጥ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብላ ወጣች። እዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ትራስ መስፊያ ከፈተች።

ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ ልትመጣ ስትነሳ መንገዱ ይለጠጣል። በድንጋይና በድንጋይ መሃል ሌላ ድንጋይ ይበቅላል፤ የጎረቤት ግንብ እንደተፈታ ክር ይረዝማል። እኔ በመስኮት አያታለሁ። ትራመዳለች፣ ትራመዳለች፣ አትደርስም። ቀስ ብሎ በፀሐይ የሚንሳፈፍ ጥጥ ነው የምትመስለው።

ዘንድሮ ዓይኗ ደከመ። ሐኪሙ ክረምቱ ሳይወጣ ይጠፋል አላት።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች ከዚያ ጫፍ። «ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልየው!»

«መንገዱን ጠይቂው!» አልኳት።

መሐላ ፈቺውን አስጠራች። ጢሙን እያበጠረ የሚያወራ ሰው ነው። «መሐላ የሚይዘው የማለውን ሰው ነው» አለ። «ያቺ ቁጡ ልጅ ዛሬ የለችም። ይህቺ በስላለች። ሰው ሲለወጥ መሐላው እንደ ጠበበ ልብስ ይቀደዳል። በይ ተራመጂ።»

ተራመደች። የቤቴ በር ከእግሯ ፊት እንደ ጀልባ ሸርተት አለ።

«ቂም በልብሽ ቀርቶ ይሆናል» አላት።

«ምንም ቂም የለኝም! እትዬ፣ ስፌቱ ጠማማ ነበር! ልክ ነበርሽ!»

እሷ እንዲህ የምትል ሰው አልነበረችማ። ተለውጣለች፤ ይህን ማንም አይክዳትም። መንገዱ ግን ያው ነው። ለካ መሐላ ልብ አያይም፤ የሚያየው እግር ነው።

ፈቺው እኔ ጋ መጥቶ መስኮቴ ስር ቆመ። እሱ አልማለም፣ መንገዱ ምን ገዶት!

«አንቺስ ምለሻል?» አለኝ።

«እኔ? አፌ እንደሷ ልቅ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ?»

ጥያቄ ብሎ ዝም! ታላቅ ነኝ። ታላቅ ይመጡለታል እንጂ አይሄድም። ደህና መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት እሷን አየኋት። በጠራራ ፀሐይ ግንቡን በእጇ እየዳበሰች ትመጣለች።

ጫማዬን አደረግሁ። ለእሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ጥጡ አፍኖኝ ነው።

ለእኔ መንገዱ ትንሽ ነበር። ተጣጥፎ እግሬ ስር የተቀመጠ ጨርቅ ይመስል ነበር። ይህን ያህል ቅርብ መሆኑ አናደደኝ።

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አስጠጋችው። አየችኝ፣ አየችኝ።

«ውይ እትዬ» አለች፣ «አርጅተሻል!»

«የአንቺ ዓይን የደከመው መስታወት ፈርቶ ነዋ!»

ሳቀች። ሳቋ ግን አልተለወጠም።

ክንዷን ይዤ ወደ ቤቴ ዞርኩ። ስንራመድ በሩ ራቀ። መስኮቴ፣ ያልጨረስኩት ፍራሽ፣ እናታችን ያቆመችው ግድግዳ፣ ሁሉም እየሳሳ እየነጣ ሄደ።

ፈቺው ከኋላችን «ክንዷን ልቀቂው፤ ብቻሽን ከሆንሽ ትደርሻለሽ» አለኝ።

«ብቻዬን መድረሱንማ አውቅበታለሁ» አልኩት።

አልለቀቅኋትም። ወደ እሷ ቤት አዞርኳት፤ መንገዱም ዝም ብሎ አሳለፈን።