አሥራ ሁለተኛው ምልክት

የነርስ ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሁለቴም የጣለኝ ስታቲስቲክስ ነው። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሌ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አይመዘግቡም። ቀመሮቹን እንደ በቀቀን እደግማቸዋለሁ፦ አማካይ፣ መካከለኛ፣ ዘውታሪ። ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን ሦስቱም ብን ብለው ይጠፋሉ።

ለፈተናው አራት ቀን ሲቀር ግንበኛው አባቴ ረዳቱ ታመመበትና "ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ ቁጥር ከሆነ እኔም ጋ ሞልቷል" ብሎ ሥራው ቦታ ወሰደኝ። አባዬን እንቢ የሚል ገና አልተወለደም።

የሚጠገነው የአንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ደረጃ ነው። እማዬ እስክትሞት ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳችው ሕንፃ ነው። የድንጋይ እርከኖቹ በእግር ብዛት ተበልተዋል። አባዬ ውሃ ልኩን የመጀመሪያው እርከን ላይ አጋደመ፤ ከእጅ መደገፊያው እስከ ግድግዳው በየአሥር ሳንቲሜትሩ በጠመኔ ምልክት አደረገ። አሥራ ሁለት ምልክት ሆነ። ከዚያ በየምልክቱ ድንጋዩ ስንት ሚሊሜትር እንደጎደጎደ እየለካ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ሦስት። አሥር። አራት። ሁለት። አንድ። ከዚህ ወዲያ እስከ አሥራ አንደኛው ምንም የለም።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። "አባዬ፣ ቆይ! ይሄ እኮ ፈተናው ነው!"

ሰው ሁሉ መደገፊያውን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ በጣም የተበላው ሁለተኛው ምልክት ነው። ዘውታሪው እሱ። እያንዳንዱን ሚሊሜትር እንደ አንድ ቁጥር ያዝኩ፤ ጠቅላላው ሃያ ነው፤ ከመደገፊያው ጀምሬ ስቆጥር መሃል ያሉት አሥረኛውም አሥራ አንደኛውም እዚያው ሁለተኛው ምልክት ላይ አረፉ። መካከለኛውም ሁለት። እያንዳንዱን ምልክት በጥልቀቱ አባዝቼ ደመርኩ፣ አርባ ስምንት፤ ለሃያ አካፈልኩ። አማካዩ ሁለት ነጥብ አራት። ስንት ሺህ ሰው፣ አንዱ ከሌላው ሳይመክር፣ ድንጋይ ላይ በእግሩ ይሄን ሁሉ ጽፏል!

"አልጨረስንም" አለ አባዬ። "ግድግዳው ሥር፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ አራት።"

"ተሳስተህ ነው። እዚያ ማን ይረግጣል?"

አባዬ ጉድጓዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"እናትሽ ናት" አለ። "ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ስትወርድ ነዋሪውን እንዳትገፋ ግድግዳውን ታክካ ነበር የምትሄደው። በቀን ስንቴ መሰለሽ?"

እንደገና አሰላሁ። ዘጠና ስድስት ለሃያ አራት፣ አራት። ዘውታሪው ንቅንቅ አላለም፣ መካከለኛውም እዚያው ሁለት ነው። አማካዩ ግን ከሁለት ነጥብ አራት ተነስቶ አራት ገባ። አንዲት ባልዲ የያዘች ሴት ጎትታ ወሰደችው!

"አራተኛው ላይ እኮ የረገጠ የለም ማለት ይቻላል" አለ አባዬ ደብተሬን አሻግሮ እያየ። "ይሄ አማካይ የምትዪው ሰውዬ እግር የለውም እንዴ?"

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ሁለት ጊዜ የጣለኝን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ነገረኝ።

"ድንጋዩን ትጥለዋለህ?"

"ምን ሲደረግ! እገለብጠዋለሁ። ሥሩ ደህና ነው። እሷ የረገጠችው ፊት ከታች ይተኛል።"

ፈተናው ላይ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ቁጥር ቢጨመር ይበልጥ የሚለወጠው የትኛው ነው?" አማካይ የሚለውን አጠቆርኩ። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ያየችው ፈታኝ "ከበደሽ እንዴ?" ብትለኝ፣ እናቴን አገኘኋት ልላት ምንም አልቀረኝም።

አለፍኩ። ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ለአባዬ ልነግረው ወደ ሕንፃው ሮጥኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የተገለበጠው እርከን ልሙጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድም ጉድጓድ የለበትም። መደገፊያውን ተውኩትና ግድግዳውን ታክኬ ወጣሁ።