የክንፈሚካኤል መቅዘፊያ

ከቡሬ ቁልቁል ወርዶ አባይን የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ በታንኳ የሚያሻግረውን ክንፈሚካኤልን ያውቀው ነበር። ቁመቱ እንደ ማሽላ አገዳ ነው። እሱ መቅዘፊያውን አንዴ ሲስብ ሌላው ሦስቴ ከሚስበው ይበልጣል ይሉለታል። በዚያ አገር መቅዘፊያ የሚጠረበው በባለቤቱ ልክ ነው፤ ከጎኑ ሲያቆሙት ከቅንድቡ መድረስ አለበት።

ክንፈሚካኤል በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ አርበኞችን ተከትሎ በእግሩ ወደ ወለጋ ተሻገረና በዚያው ቀረ። ወዲያው ጣሊያን መሻገሪያው ላይ ድንኳን ተከለ፤ ያገኘውን ታንኳ ሁሉ አቃጠለ። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀችው የክንፈሚካኤል ታንኳ ብቻ ተረፈች። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ወታደሮቹ ወባውን ሸሽተው ወደ ቡሬ ወጡ። ውሃው ሲጎድል ይመለሳሉ።

ሚስቱ ያይኔአበባ ግን ውሃው እስኪጎድል መቆየት አልቻለችም። ክረምቱ ሳይገባ አንድ የጨው ነጋዴ፣ ከወንዙ ማዶ እግሩን የሚያነክስ እጅግ ረጅም ሰው ማየቱን ነግሯታል። ስሙን አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ብሎ በበር የሚገባ ሰው ባየች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል።

የመስቀል ሰሞን ታንኳዋን አውጥታ ሞከረች። እሷ ከባሏ ደረት ብዙም አታልፍም። መቅዘፊያው ረዘመባት፤ ክንዶቿ ከራሷ በላይ ተሰቀሉ፤ ታንኳዋ ዞራ ዞራ ከተነሣችበት ዳር መለሰቻት። ልብስ የምታጥበው ጎረቤቷ ካሰች፣ «እታለም፣ አባይን ልትሻገሪው ነው ወይስ ልታማስይው?» አለቻት።

ያይኔአበባ መቅዘፊያውን ተሸክማ አማቷ አያ እጅጉ ዘንድ ሄደች። የጠረቡት እሳቸው ናቸው። በልኳ እንዲቆርጡላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ከእጇ ተቀበሉ።

«የሚቆረጠው የሞተ ሰው መቅዘፊያ ነው፣ ልጄ። ያውም ከተዝካሩ በኋላ። በአፌ ያላወጣሁትን በመጥረቢያ ልናገረው?»

«ቢሞትማ ኖሮ፣ አባ፣ ምን ያሻግረኝ ነበር? አለ ብዬ እኮ ነው።»

አያ እጅጉ ተነሥተው መጥረቢያቸውን አወረዱ። ቀጥ ብላ እንድትቆም አዘዟት፤ መቅዘፊያውን ከጎኗ አቁመው ከቅንድቧ ትይዩ በከሰል ምልክት አደረጉ። ሲቆርጡት ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር።

ቁራጯ ክንድ አትሞላም። ያይኔአበባ ከመሬት አነሣቻትና ከቅንድቧ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛ ጫፏን ቀና ብላ አየች። ክንፈሚካኤልን ስታናግረው ዓይኖቿ የሚያርፉት እዚያ ነበር። ቁራጯን መቀነቷ ውስጥ ሻጠቻት።

በማግስቱ ማለዳ አያ እጅጉ ታንኳዋን እየገፉላት፣ «እሱ አንዴ በሚስብበት አንቺ አጭር አጭር አድርገሽ ደጋግመሽ ሳቢ። ውሃው የቀዛፊውን ቁመት አይጠይቅም» አሏት።

ደጋግማ ሳበች። ጅረቱ ቁልቁል ወስዶ፣ ወስዶ፣ ትከሻዋ ሊገነጠል ሲል ከማዶ ድንጋያማ ዳር ጣላት።

መጀመሪያ ያገኘችው ከብት የሚያጠጣ ሽማግሌ ነው። እሱ አማርኛ አይሰማም፤ እሷ ኦሮምኛ አታውቅም። ቁራጯን ከመቀነቷ መዝዛ ከቅንድቧ ወደ ላይ አቆመች፤ ጫፏን በጣቷ አሳየችው፤ ከዚያ እያነከሰች ጥቂት ተራመደች።

ሽማግሌው ጫፏን ቀና ብሎ አየ። ቀረብ አለና መዳፉን ዘርግቶ፣ ከቁራጯ ጫፍ አንድ ግንባር ያህል ከፍ አድርጎ አቆመው።

ያይኔአበባ እስከ ባሏ ቅንድብ ብቻ መለካቷን ያን ጊዜ አስታወሰች።