የበቅሎዋ ዝምታ

መኪናዋ ዛሬ ዝም ብላለች። ሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው ጉሮሮውን እየጠራረገ ይሄዳል። ዝም ያለው የኋላው ነው። አልዚራ ከፓሪስ ዳርቻ ከሻምፒኒ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከተነሡ ጀምሮ አንድ ነገር ጎድሎባት ነበር። ምን እንደሆነ የገባት ግን የቱርን ከተማ አልፈው፣ ፀሐይዋ የሱፍ አበባውን ማሳ ስታጥለቀልቀው ነው። ባዶዎቹ ጀሪካኖች አይንኳኩም።

በየዓመቱ ኦገስት ሲመጣና ወደ አገራቸው ወደ ፖርቱጋል ሲወርዱ ነጫጭ የፕላስቲክ ጀሪካኖች ከኋላ ይጫናሉ። ባዷቸውን ይሄዳሉ፤ የወይራ ዘይትና የወይን ጠጅ ተሞልተው ይመለሳሉ። ሲወርዱ እርስ በርስ እየተላተሙ መንገዱን ሙሉ ጓ ጓ ሲሉ አልዚራን ይነዘንዟታል። «መሐላቸው አንድ ብርድ ልብስ ብትወትፍ እጅህ ይቆረጣል?» ትለዋለች ባሏን። «ተያቸው፤ ባዶ ዕቃ ወሬኛ ነው» ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ልጅ አሳድገዋል፣ ልጃቸውም ወልዳለች።

ዞር ብላ አየችው። አደሊኖ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጥሎ፣ ነፋሱን ይከልልልኝ ብሎ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ኋላ ተከትሎ ይነዳል። ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ መስኮቱ ጣት በምታስገባ ያህል ተከፍቷል። አሮጊቷን ፔጆ «በቅሎዋ» ነው የሚላት። ጥቂት ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸከማለች። ፈረንሳይን በአንድ ሙሉ ሰልባትዮ ናፍታ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ናፍታ ከሚረክስበት ከስፔን ድንበር ማዶ መቅዳት የእሱ ጌጥ ነው። ሌላው በልጁ ዲፕሎማ እንደሚኮራ እሱ በነዳጅ መለኪያው ቀስት ይኮራል። ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ፣ ከእግዜር እጅ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ፈገግ ይላል።

«ጀሪካኖቹን ረሳህ እንዴ?» ልትለው አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። አደሊኖ አይረሳም። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ፣ አንዷ ከመስመር በፀጉር ያህል ብትወጣ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። በዘንድሮው ጸደይ ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ እሷ የምትጠብቀው ሕንጻ ደጃፍ ላይ ቆሞ እርግብ ሲያይ ይውላል።

ከቦርዶ በታች፣ ጥድ ደኑ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያርፉባት ቦታ ደረሱ። አልዚራ የምሳውን ቅርጫት ልታወጣ ኋላውን ከፈተች። በጀሪካኖቹ ቦታ የአደሊኖ የሥራ ሣጥን ተቀምጧል። የግንበኛ ማንኪያው፣ ውሃ ልኩ፣ የሴራሚክ መቁረጫው፣ ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልሏል። በላዩ ላይ የብርድ ወራት ካፖርቱ። አስፋልቱ በሙቀት እየቀለጠ፣ ካፖርት! ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ገለጥ አደረገችው። የራሷ ካፖርት ነው። እጀታዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ኪሱ ውስጥ የብል መድኃኒት ተደርጎበት፣ ልክ እሷ እንደምታጥፈው ታጥፏል።

እዚያው ቆማ ቀረች። አገር ቤት ሊቀር ነው! ጥሏት የሚቀር ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጮኻ ትገላገለው ነበር። እሱ ግን ሳይጠይቃት ጭኗታል። እንደ ዕቃ። ደግሞ እንዴት አድርጎ ነው ያጠፈው! የት ቆሞ ሲያያት ኖሯል?

ቅርጫቱን አውጥታ ኋላውን ዘጋች።

ገና ሲቀመጡ ኖርቤርቶ መጣ፤ በአገር ቤት የጎረቤት መንደር ልጅ፣ ቀለም ቀቢ፣ አፈኛ። ትልቁ አዲስ መኪናው ወዲያ ቆሞ ልጆቹን ለማቀዝቀዝ ሞተሩ ይንጫጫል።

«አንተ አደሊኖ! ይቺ በቅሎ ዛሬም አልሞተችም?»

«ያንተን ፈረስ ቀብራ ነው የምትሞተው። እስካሁን ስንት ጊዜ ቀዳህ?»

«ሁለቴ። ግን ወንድሜ፣ አንተ ስትደርስ እኔ ተኝቼ፣ ተነሥቼ፣ ጢሜንም ተላጭቼ ነው የምቀበልህ።»

«ኪስህንም ተላጭተህ!»

ኖርቤርቶ እየሳቀ ከአልዚራ ሳህን ላይ አንድ የዓሣ ጥብስ አነሣ። «እጅሽ ይባረክ! እኔ ምልሽ አልዚራ፣ ሴፕቴምበር ስትመለሱ የዘይቷን ነገር አደራ። የኔዋ መኪና እንደሆነች የልጅ ጎተራ ናት፤ የአምናው ዘይት ደግሞ ነፍስ ነበር።»

አደሊኖ ዳቦ ይቆርጥበት የነበረው ቢላዋ ዳቦው መሐል ላይ ቆመ።

«እናያለን» አለ።

በሌላው ዓመት «ምን ችግር አለ» ነበር የሚለው። አልዚራ ያችን «እናያለን» ሰማቻት፤ ከነፍርፋሪዋ ዋጠቻት።

መንገድ ሲገቡ እንደ ልማዷ ኮክ ላጠችለት፤ እየቆረጠች አጎረሰችው። እጇ ተቆጥቶም ማጉረሱን አይተውም። ጥዶቹ በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። የመጀመሪያውን ጉዞዋን አሰበች፤ በዚሁ ደን በባቡር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በአንዲት ሻንጣ። «ሁለት ዓመት ብቻ» ነበር አደሊኖ ያላት ያኔ። ስፔንን ሙሉ አለቀሰች። የሰው ደረጃ እየወለወለች ፈረንሳይኛውን ቃል በቃል ከመሬት ለቀመችው። አሁን የሕንጻው ሰው ሁሉ ቁልፉን ለእሷ ነው የሚሰጠው። የልጇ ልጅ ኢኔስ ከትምህርት ቤት መጥታ በእሷ ጠባብ ክፍል፣ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ነው ፊደል የምትቆጥረው።

«ካፖርቴን አየሁት» አለች።

ጉንጩ ውስጥ ኮክ ነበር። ቆይቶ ዋጠው።

«የአገራችን ተራራ ይበርዳል።»

«በኦገስት?»

«ኦገስት ያልፋል፣ አልዚራ።»

አሁን ሲከተሉት የነበረው ሌላ የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ወጣና ጥሏቸው ሄደ። ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። በቅሎዋ ተንገዳገደች።

«እዚያ ያለውን ቤት በእጄ ነው የሠራሁት» አለ አደሊኖ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «በየዕረፍቱ አንድ ግድግዳ፣ በየዕረፍቱ አንድ ወለል። አሥራ አንድ ወር ተዘግቶ ሻጋታ ይበላዋል። የስንቱን ሰው መታጠቢያ ቤት አሳምሬ፣ በራሴው ውስጥ በብርድ ወራት ገላዬን ታጥቤ አላውቅም።»

«እና ለምን አትነግረኝም?»

«እምቢ ትያለሻ።»

«እምቢ እላለሁ።»

«ይኸው!»

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። እልኸኛ ነው፤ እሷም እልኸኛ ናት፤ በመሐላቸው እልኸኛ ያልሆነችው መኪናዋ ብቻ ናት። እሱ እውነቱን ነው። እሷም እውነቷን ነው። ይህ ነው የከፋው ነገር፤ አንዳቸው ቢሳሳቱ ቀላል ነበር።

የድንበሩን ወንዝ ሲሻገሩ ቀስቱ መጨረሻው ላይ ተኝቷል። አደሊኖ ዳሽቦርዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አየሻት? በስፔን ምድር!» አለ፤ ግን ደስታው እንደ ወትሮው አልሞላም። ማደያ ገብቶ መቅዳት ጀመረ።

አልዚራ ወደ ሱቁ ገባች። ስትወጣ ሁለት ባለ እጀታ ትልልቅ የውሃ ፕላስቲክ ይዛ ነበር፤ ክብደታቸው ትከሻዋን ወደ ታች ስቦታል። የአንዱን ክዳን ፈትታ የመኪናዋን የፊት መስታወት አጠበችው፤ የአንድ ቀን መንገድ ትንኝ እየተላቀቀ ወረደ። ሁለተኛውን ማደያው ጠርዝ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመ ዛፍ ሥር እስከ መጨረሻ ጠብታው አንቆረቆረችው።

አደሊኖ የናፍታውን ቧንቧ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ሲደፋ ማየት አይችልም። «አበድሽ? ደህናውን ውሃ!»

«ውሃውን አይደለም የገዛሁት።»

ኋላውን ከፍታ ሁለቱን ባዶ ፕላስቲኮች በሥራ ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ካፖርቶቹን አልነካቻቸውም። እንደተደራረቡ ተወቻቸው።

አደሊኖ ቧንቧውን ሰቀለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጸዳውን ጣት እንደገና ጠረገ።

«ካልሞላንባቸውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ባዷቸውን ይመለሳሉ።» አልዚራ በሩን ከፍታ ገባች። «ካፖርትህ እዚያው ይቅር አይቅር፣ አንተ ታውቃለህ። እነሱ ግን ይመለሳሉ።»

«የኔ ብቻ? ያንቺስ ካፖርት?»

ቀበቶዋን ሳበች፤ እንደ ሁልጊዜው ያዝ አደረጋት፤ እንደ ሁልጊዜው እሱ ጎንበስ ብሎ አላቀቀላት።

«የኔን ገና አላሰብኩበትም» አለች።

ተራሮቹን ወጥተው ሜዳው ላይ ሲደርሱ የታጨደው ስንዴ ማሳ እስከ ሰማይ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። በራዲዮ አንድ ሰው በስፓኒሽ ቋንቋ ስለ ሙቀቱ ይለፈልፋል። መንገዱ ሻካራ ስፍራ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ጓ። ቆየና ደግሞ፤ ጓ፣ ጓ።

አልዚራ ወደ እሱ አልዞረችም። ቆሞ ይጥላቸው ይሆን? አንዱን ካፖርት መሐላቸው ይወትፍ ይሆን? ይህን ሁሉ ዓመት ስትለምነው የኖረችውን ዛሬ ያደርገው ይሆን? እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ ጠበቀች።

አደሊኖ እጁን ዘረጋና ራዲዮውን አጠፋው።

ፊት ለፊታቸው ረጅም ቁልቁለት ነበር። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። በቅሎዋ በራሷ ክብደት ተንደረደረች፤ ከኋላ ባዶዎቹ እየተላተሙ መኪናውን በወሬያቸው ሞሉት። ሁለቱም ዝም ብለው ሰሟቸው።