ገናዧን ማን ይገንዛት?

ይመኙሻል ፈሪ ናት። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ እሷም ብትጠየቅ አትክድም። በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ፣ በር በኃይል ሲንኳኳ ከመክፈት ይልቅ መደበቂያ የምትፈልግ ሴት ናት። ካርቱም ውስጥ አል-ጣኢፍ በተባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጦርነቱ ሲገባ አሠሪዎቿ ወደ ግብፅ ተሻገሩና ቁልፉን እሷ ላይ ጥለውት ሄዱ። እሷም አምስት ወር ሙሉ ጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል፣ መስኮቱን በትርፍ ፍራሽ ደፍና፣ ተኩስ በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር እየገባች ኖረች። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናቷ ደብረ ታቦር ሆነው በየቀኑ ስለት ይሳሉላታል።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሼ በለጠ የደወሉት ለዚች ሴት ነው። ጋሼ በለጠ ማዮ የሚኖሩ ሐበሾች እድር ዳኛ ናቸው። ማዮ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ያለ፣ ድሃና ተፈናቃይ የታጨቀበት፣ አስፋልት ያልነካው ሰፈር ነው። ኔትወርኩ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው መሰለኝ ሰላምታውን ዘለሉት።

«እትዬ ሰርካለም ዐረፉ፣ ልጄ።»

የቀረውን ይመኙሻል ወለል ላይ ተቀምጣ ነው የሰማችው። የማዮ ሴቶች አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ ሸሽተዋል። የቀሩት ሁለት አሮጊቶች ናቸው፤ አንዷ ዓይነ ስውር፣ አንዷ ካልጋ የማትነሳ። ቄሱም ከሕዝቡ ጋር ሄደዋል። ሙቀቱ ደግሞ ሬሳ የሚያሳድር አይደለም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መቀበር አለባቸው። ፍትሐቱን አባ እዚያው ገዳሪፍ ሆነው ስማቸውን ጠርተው ያደርሱላቸዋል፤ ግነዛ ግን በስልክ አይሆንም፣ ሴትንም የምትገንዝ ሴት ናት አሉ። ከእትዬ ሰርካለም የተማረች ደግሞ በዚህ ከተማ አንዲት ብቻ ቀርታለች።

እትዬ ሰርካለም ገናዥ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርቱም ውስጥ የሞተችን ሐበሻ ሴት ሁሉ ያጠቡ፣ አውራ ጣቶቿን በክር ያሰሩ፣ ነጭ አልብሰው ለአፈር የሰጡ እሳቸው ናቸው። ከፎቅ የወደቀችውን፣ በወባ ያለቀችውን፣ ሆስፒታል በር ላይ ጥለዋት የሄዱትን። ስሟን የሚያውቅ ሲጠፋ «ወለተ ማርያም» ብለው ይጠሯትና ያጥቧታል። ደሞዝ የለ፣ ምን የለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከቅዳሴ መልስ ይመኙሻልን ክንዷን ያዙና ከኔ በኋላ አንቺ ነሽ አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፣ እትዬ።»

«አይቼሽ ነው የመረጥኩሽ» አሉ። «ደፋር ሬሳ ያንገላታል። አንቺ ቀስ ትያለሽ። ደግሞ የጠራሁሽ እኔ መስዬሽ እንደሆነ ተሳስተሻል።»

ሁለት ጊዜ ተከትላቸው ሄደች። ዓይኗን ጨፍና ውሃ ከማፍሰስ በቀር የሠራችው የለም። ሦስተኛዋ ሟች ልደት ነበረች፤ በወሊድ የሞተች፣ የይመኙሻል የገዛ ጓደኛዋ። እትዬ ሰርካለም ያን ቀን ጨርቁን ለሷ ሰጧት፤ ጓደኛሽን አንቺ እጠቢያት አሉ። ራሷን አጠበች፣ ክንዷን አጠበች፣ ደህና ይዛው ነበር። ጀርባዋን ለማጠብ ሲያገላብጧት ግን በደረቷ ቀርቶ የነበረው አየር በአፏ ወጣ። ድምፅ አለው፣ እንደ ማቃሰት ያለ። የሰማው ያውቀዋል። ይመኙሻል ጨርቁን ጥላ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ፣ ባዶ እግሯን ዋናው መንገድ ድረስ ሮጠች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰርካለምን ላለማየት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷትም። የጀመረ እጅ ይጨርሳል በሏት እያሉ ብቻ ሰላምታ ይልኩባት ነበር።

አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አልችልም ጋሼ አለች። መንገዱን ጠቀሰች፣ ታጣቂዎቹን ጠቀሰች፣ ባለፈው ሳምንት ተወስደው ያልተመለሱትን ሁለት ሴቶች ጠቀሰች። ሁሉም እውነት ነበር። ጋሼ በለጠ በነፍስሽ አልፈርድም ልጄ፣ ጎረቤታቸው ፋሪሃ እስላም ብትሆንም ደግ ናት፣ እንደ አቅሟ ታድርግላቸው አሉ። መስመሩ ተቋረጠ።

ምን ተሰማት ብትሉ፣ እፎይታ ነው የተሰማት። ውሃ ጠጣች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያ ሠላሳ ዓመት መጣባት። ያን ሁሉ ሴት ያጠበችውን፣ ገናዧን ማን ይገንዛት? አውራ ጣታቸው ሳይታሰር፣ አንድ በስመ አብ የሚል ሳይኖር ሊቀበሩ ነው፤ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ተናደደች። በእግዚአብሔር ነው የተናደደችው፣ አልደብቃችሁም። ሌላ ሰው አጣህ ወይ፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እኔን? እያለች፣ እያለቀሰች፣ የእትዬ ሰርካለም ተማሪ በነበረች ጊዜ ለግነዛ ብላ ከኦምዱርማን ገበያ የገዛችውን ስድስት ሜትር አቡጀዲ ከሻንጣዋ አወጣች።

በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ውሃ የሚያዞረው ጂብሪል ያን ቀን ለሷ ሰፈር ተረኛ ነበር፤ ቤቱም በማዮ በኩል ነው። የምትሄድበትን ስትነግረው አብደሻል አላት። ሲበቃው ግን የሚስቱን አሮጌ ቶብ ከመቀመጫው ሥር አወጣና እንደ ሱዳን ሴት ከራስሽ ጀምሮ ተከናነቢ አላት። ስልኳን በርሜሉ ሥር ጨርቅ ውስጥ ቀበረላት። የአንገትሽን ክር በጥሺው አለ። ማተቧን ነው። እሷ ልትደብቀው እንጂ ልትበጥሰው እንደማትችል ነገረችው። እሱም እንግዲያው አፍሽን ዝጊ፣ እህቴ ታማብኝ ነው በዪ፣ ያላ ብሎ አህያዋን ነካት።

መንገዱ ጭር ብሏል። የተቃጠሉ መኪኖች አሉ፤ በራቸው የተገነጠሉ ሱቆች አሉ። ይመኙሻል ግን ያየችው የአህያዋን ጆሮዎች ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ካየሁ ዘልዬ እወርዳለሁ ብላ ፈርታ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምራ መሃሉ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። ወደ ማዮ መታጠፊያው ላይ ኬላ ነበር፤ አራት ታጣቂዎች፣ አንድ ፒካፕ። ግራ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ ረጅም ሰው ካሮውን አስቆመ።

ወዴት ነው አላት። እህቴ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የዘጠኝ ዓመት ዐረብኛዋ እንዳለ ጠፋ። ሰውዬው ጭኗ ላይ የነበረውን ጥቅልል ቀማና ወርቅ ይኖርበታል ብሎ ፈታው። ስድስት ሜትር ነጭ ጨርቅ አቧራው ላይ ተዘረጋ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ለምን እንደሚሆን የማያውቅ ሱዳናዊ የለም። ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ ማን ሞተ አለ።

ጂብሪል ሊዋሽላት ሲጀምር እሷ ቀደመችው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም። ሙታን የምታጥብልን ሴት ናት የሞተችው አለች።

«እሷን ታዲያ ማን ያጥባታል?»

«እኔ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ሰውዬው ቶቡን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አድርጎ ጥቁሩን ክር አየ፤ ክርስቲያን ነሽ አለ። እዚያ ላይ ሽንት አመለጣት፤ እሷው ናት የነገረችኝ፣ እኔም የምደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። አዎ ነኝ አለች። ሰውዬው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ፤ ጨርቁን በጥርሱ ይዞ ከመሃል ቀደደው። ከግንቡ ኋላ ከትናንት ጀምሮ ሦስት ሰዎቻችን ተኝተዋል፣ የሚያለብሳቸው የለም አለ። ግማሹን ወሰደ፣ ግማሹን መለሰላት፣ እለፉ አለ።

እትዬ ሰርካለም ቤት ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ጋሼ በለጠ ግቢው ውስጥ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር፣ ከሁለት ወንዶች ጋር መቃብር እየቆፈሩ ነበር፤ ወደ መካነ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ሲያዩዋት አካፋውን ጣሉ። ፋሪሃ ውሃውን ለብ አድርጋ ልታጥባቸው እየተሰናዳች ነበር። ሁለቱ ሴቶች ገብተው በሩን ዘጉ።

እትዬ ሰርካለም በገመድ አልጋቸው ላይ አንሰው ተኝተዋል። ይመኙሻል በስመ አብ ብላ ጨርቁን ነከረች። ውሃው ክርኗ ድረስ ይወርዳል። ፋሪሃ ታፈሳለች፣ እሷ ታጥባለች፤ ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ ያን ሁሉ ሰው ያጠበውን እጃቸውን። ደረታቸው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀ። ግድግዳው ተነቃነቀ፤ የጣራው አቧራ በሬሳው ላይ ዘነበ። ከውጭ ጋሼ በለጠ ውጡ፣ ወደ ጉድጓዱ ኑ እያሉ ጮኹ። ፋሪሃ ልጆቼ ብላ ጣሳውን አስቀምጣ ወጣች፤ ማን ይፈርድባታል?

በሩ ተከፍቶ ቀረ። ብርሃኑ ይታያል፣ መንገዱ ይታያል። የይመኙሻል እግር ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄዷል፤ አስባበት አልነበረም። ሁለተኛው ወደቀ፣ ከመጀመሪያው ቀረብ ብሎ። ዞር ስትል እትዬ ሰርካለም ግማሽ ጎናቸው ታጥቦ፣ ግማሹ አቧራ ለብሶ አየቻቸው። እንደዚህ ትቶ መሄድ ልደትን ነው እንደገና ትቶ መሄድ። ጮክ ብላ አለቀሰችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

አሁን ብቻዋን ማገላበጥ አለባት። የምትፈራው ከቦምቡ ይልቅ ይህን ነበር፤ እንዲህ ነው የሰው ልጅ። ክንዷን ከትከሻቸው ሥር አሾልካ ወደ ራሷ ሳበቻቸው፤ ጭንቅላታቸው ደረቷ ላይ ዐረፈ። ያ ድምፅ መጣ። ረጅም፣ ጆሮዋ ሥር። ጠጉሯ ቆመ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ፤ እግሯ ግን እዚያው ነው። «አለሁ እትዬ» አለች። «ፈርቻለሁ፣ ግን አለሁ።» ሦስተኛው ሲወድቅ ጀርባቸውን እያጠበች ነበር። አራተኛውን አልቆጠረችም።

ድብደባው ዝም ሲል ፋሪሃ ሮጣ ተመለሰች፤ ልጆቿ ደህና ናቸው። አውራ ጣቶቹ ታስረዋል፣ አገጫቸው ታስሯል፣ ዓይናቸው ተከድኗል። የቀረው ልብሱ ነው፤ የተቀደደው አቡጀዲ እጥፍ ሲደረግ ከጉልበት በታች አልደርስ አለ። ፋሪሃ ወጥታ ነጭ ቶቧን፣ ለበዓል ያስቀመጠችውን፣ ይዛ መጣች። ጋሼ በለጠ በሩ ላይ ሆነው የእስላም ልብስ እኮ ነው ብለው አመነቱ። ይመኙሻል ቀና አላለችም። ጨርቅ ተጠምቆ አያውቅም ጋሼ፣ ክሩን ያቀብሉኝ አለች። እሳቸውም አቀበሏት።

ጋሼ በለጠ ዳዊት ደገሙ፤ ራሳቸውን ወደ ምዕራብ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ቀበሯቸው። አፈሩ ሲደላደል ይመኙሻል ኒሟ ሥር ቁጭ አለች። ጋሼ በለጠ እሑድ ወደ ገዳሪፍ የሚወጣ የጭነት መኪና እንዳለ፣ አንድ ቦታ ሊያስይዙላት እንደሚችሉ ነገሯት። እናትሽም ያርፋሉ አሉ። ስንት የኛ ሴቶች ካርቱም ውስጥ ቀሩ ብላ ጠየቀቻቸው። እድሩ የመዘገባቸው ሰማኒያ ያህል ናቸው፤ መዝገብ ላይ ያልገቡትን እግዚአብሔር ይወቃቸው አሉ።

ይመኙሻል ገዳሪፍን አሰበች፤ በሰላም የሚተኛበትን ሌሊት አሰበች፤ በጣም አማራት። ከዚያ ጂብሪል የመለሰላትን ስልክ ከፍታ ወደ ጋሼ በለጠ ዞረች።

«ቁጥሬን ለሁሉም ያዳርሱላቸው» አለች። «ፈሪ ናት፣ ግን ትመጣለች ይበሏቸው።»